የተሰወረ ኪስ

ላፕቶፔ ማታ ማታ ያጉረመርማል። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል፤ እላዩ ላይ እጅ ቢያሳርፉበት ምጣድ ነው። ወሬው ከጎረቤት የደረሰው ተረበኛ ጓደኛዬ ጀበና ቡናው ጋ ጠበቀኝ።

«ላፕቶፕህ ሌሊቱን ሲያቃስት ያድራል አሉ። ብድር አለበት እንዴ?»

«ሥራ ላይ ነው። የሥራ ድምፅ ስለማታውቅ ነው ያቃሰተ የመሰለህ።»

ፎልዲንግ አት ሆም የሚባል የምርምር ሥራ ነው አልኩት። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2000 ቪጄይ ፓንዴ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጀመሩት፤ ዛሬ የሚመሩት የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲው ግሬግ ቦውማን ናቸው። ከሚያጠኗቸው በሽታዎች አንዱ አልዛይመር ነው። ስሌቱ ለአንድ ማሽን ስለሚከብድ ተሸንሽኖ በየፈቃደኛው ቤት ይላካል፤ ኮምፒውተሩ ድርሻውን ሠርቶ ይመልሳል።

«ደቦ ነዋ!»

«ደቦ ነው።»

«ደቦ ጠላ አለው። ያንተ ጠላ የታለ?»

«ነጥብ ይሰጡኛል።»

«ነጥብ ይጠመቃል?»

እዚህ ላይ ተሸንፌአለሁ፤ አልደብቅም።

ቡና የሚያፈሉልን እትዬ ጣልቃ ገቡ። «ለመሆኑ የሚያሰላው ምኑን ነው?»

«እትዬ፣ ነጠላዎን ለሰርግ በወጉ ካጣፉት ደስታ ነው። ያንኑ ነጠላ ጥለቱን ወደ ፊትዎ ካወጡት ሰፈሩ ‹ማን ሞተ?› ይላል። ነጠላው ያው ነው፣ የተለወጠው አለባበሱ ነው። ፕሮቲንም እንደዚያ ነው፤ ሥራው ያለው አስተጣጠፉ ላይ ነው። አሚሎይድ ቤታ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ 40 ወይም 42 አሚኖ አሲድ ብቻ ያለው ቁራጭ ነው። በአልዛይመር ጊዜ አንጎል ውስጥ ቅርፁ ሲዛባ እርስ በርሱ እየተጣበቀ እንደ ገንፎ ይጓጉላል።»

«ገንፎ ሲጓጉል ማማሰል ነው እንጂ ቁጥር መደመር ምን ይፈይዳል?»

«የሚያድን ማማሰያ ገና አልተገኘማ። አሁን የሚታየው ጓሉ ከየት እንደሚጀምር ነው።» ማየቱ ራሱ ቀላል አይደለም። የአንድ ሚሊሴኮንድ እንቅስቃሴ ለመከተል ኮምፒውተሩ 500 ቢሊዮን ያህል እርምጃ ይቆጥራል፤ በየእርምጃው እያንዳንዱ አተም ወዴት እንደተገፋ ያሰላል። ወፍጮ ቤት ቢመስል ይፈረድበታል?

ጓደኛዬ መለስ አለ። «ይሄ እኮ የጃጀ ሰው ነገር ነው። አንተን ምን አገባህ?»

«በ1901 ሐኪሙ አሎይስ አልዛይመር ፍራንክፈርት ላይ ያገኟት ታማሚ አውጉስተ ዴተር 51 ዓመቷ ነበር። አንተስ ስንት ሞላህ?»

ዕድሜውን ከሚናገር መርሳትን መረጠ።

ወደ ደቦው መለስኩት። በ2020 ኮሮና ሰውን ቤቱ ሲያስቀምጠው ማሽኑን የሚያዋጣው በዛ፤ የሁሉም ጉልበት ተደምሮ ከ1 ኤክሳፍሎፕ አለፈ። በሴኮንድ 1 ብሎ ከኋላው 18 ዜሮ ያህል ስሌት ማለት ነው።

«ዜሮውንማ እኔም አዋጣለሁ፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያጠራቀምኩት አለ።»

«ፊት የምትቆመዋን 1 ማን ያዋጣልህ?»

«እሺ፣ ከ2000 ጀምሮ ይኼን ሁሉ ዘመን ከሠራችሁ መድኃኒቱ የታለ?»

ይሄኛው ተረብ አይደለም፤ ጥያቄ ነው። ከዚህ ደቦ የወጣ፣ አልዛይመርን የሚያድን መድኃኒት የለም። «ላፕቶፕህን ክፈትና እናትህን አድን» የሚል ሰው ካጋጠማችሁም አትመኑት። እስካሁን የታፈሰው የጥናት ጽሑፍ ነው። ተመራማሪዎቹ ከሚፈልጉት አንዱ ፕሮቲኑ ሲወዛወዝ ለአፍታ የሚከፈት፣ በቆመ ምስሉ ላይ የማይታይ ኪስ ነው፤ መድኃኒት ቢገባበት ብለው።

«ባዶ ኪስ ከሆነ የሚፈልጉት የኔን ይውሰዱ!»

«የሚፈልጉት የተሰወረ ኪስ ነው። ያንተን ባዶነትማ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ እትዬ በዱቤ መዝገባቸው ይመስክሩ።»

እትዬ ሲኒ እያለቀለቁ ሳቁ። እሱ ግን ወዲያው ወሬውን ወደ መብራት ሂሳቡ አዞረ። ልክ ነው፣ ኮምፒውተር ሌሊቱን ሲሠራ ቆጣሪውም አብሮት ይሠራል። «በነፃ ነው» የሚሉ የቆጣሪ ሂሳብ ከፍለው አያውቁም።

«መብራት ሲጠፋስ?»

«በየመሀሉ ያስቀምጣል፤ ሲመጣ ከዚያው ይቀጥላል። ቀነ ገደቡ ካለፈበት ግን ሥራውን ለሌላ ይሰጡታል።»

«እንደ እጮኛህ በለኛ!»

ቡናዬን ሳልጨርስ ሂሳብ ከፈልኩ፤ የሱንም ጨምሬ።

የምትሞክሩ ካላችሁ ማሽኑን አልጋ ላይ አታስቀምጡት፤ ነጠላም አታልብሱት። ይግላል።