ስንጥር የማይፈራ ትውልድ

ዘንድሮ ማን ጠይቆ ይበላል? ልጁ ላፕቶፑን ይከፍታል፣ «ዳውንሎድ» የምትለዋን ይነካል፣ ፋይሉ ይወርዳል፣ ኢንስቶል ያደርገዋል። ከየት መጣ? አይጠይቅም። ማን አመጣው? አይጠይቅም። መንገድ ላይ ማን ነካካው? ይህን ስጠይቀው ጭራሽ ይስቅብኛል።

ዴቢያን የሚባለውን ሊኑክስ ስትጭኑ «ከየትኛው አገር ሚረር ልውሰድልህ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ሚረር ማለት የዋናውን ማከማቻ ቅጂ የሚያድል ሰርቨር ነው። እኛ እዚያ ጥያቄ ላይ ቆመን እንማከር ነበር። ጀርመን ይሻላል? ስዊድን ማታ ማታ ፈጠን ይላል እኮ! የእንግሊዙስ? ዛሬም ጥያቄው አለ፤ ልጆቹ ግን «ኤንተር፣ ኤንተር፣ ኤንተር» ብለው ያልፉታል።

ይህ ሁሉ ሶፍትዌር በሰው ደጅ ያደገ መሆኑንም የሚያውቅ የለም። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. ሊኑክስን ሲለቅ የራሱ ሰርቨር አልነበረውም። አሪ ሌምኬ የተባለ ሰው ፊንላንድ ውስጥ በሚገኝ የኤፍቲፒ (የፋይል ማውረጃ) ሰርቨር ላይ ቦታ ሰጠው፤ ስሙን እንኳ ያወጣለት ይኸው ቦታ የሰጠው ሰው ነው። ዴቢያን በሲዲ ወይም በፍላሽ የሚጫነውን ፋይል ለዓለም የሚያድልበት ሰርቨር ሰሜን ስዊድን፣ ኡሜዮ ከተማ፣ የዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ክበብ ዘንድ ነው። ክበብ ነው የምላችሁ! የእናንተ ክበብ ምን ሠራ? ቲሸርት አሳተመ።

ሥራው ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የዴቢያን ማከማቻ በቀን አራት ጊዜ ይታደሳል። በየአገሩ ያሉት ሚረሮች አርሲንክ በሚባለው መሣሪያ ለውጡን ይቀዳሉ። አርሲንክ ከ1996 ጀምሮ ያለ ነው፤ ከፋይሉ የተለወጠውን ብቻ ስለሚወስድ መስመር አያባክንም። ቅጂው በሁለት ዙር ነው፤ መጀመሪያ ፓኬጆቹ ይገባሉ፣ ዝርዝሩ ኋላ ይከተላል። ዝርዝሩ ከቀደመ ደንበኛው ገና ያልደረሰ ፓኬጅ ይጠይቅና በስሕተት መልእክት ይጥለቀለቃል። ያን ጊዜ ልጁ ምን ይላል? «ኔትወርኩ ነው!» ሁልጊዜ ኔትወርኩ ነው።

አሁን ደግሞ ሚረሩን ራሱን ደበቁብን። በ2017 እ.ኤ.አ. ዴቢያን ሕዝባዊውን የኤፍቲፒ አገልግሎት ዘጋ፤ ተጠቃሚው ጥቂት ነው ተባለ። ጥቂቱ እኔ ነበርኩ፤ ማንም አላማከረኝም። በ2021 እ.ኤ.አ. የአፓቼ ሶፍትዌር ድርጅት ሰዎች የዘመናት የሚረር መረባቸውን ትተው ወደ ሲዲኤን፣ ፋይሉን ከየትኛው ሰርቨር እንደሚያቀርብልህ ራሱ ወደሚመርጥ መረብ፣ ዞሩ። ሲዲኤኑ ይፈጥናል፣ አልክድም። ግን ለማን እግዜር ይስጥልኝ እንደምል እንኳ አላውቅም።

የሚያንገበግበኝ ዋናው ነገር ግን አለመጠርጠራችሁ ነው። አባቶች «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» ያሉት ለዳውንሎድ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. ሶርስፎርጅ የሚባለው የሶፍትዌር ማከማቻ አንድ ሚረር ኮሪያ ውስጥ ተበክሎ ፒኤችፒማይአድሚን የሚባለውን ፕሮግራም ሌባ ከሚገባበት ስውር በር ጋር ሲያድል ነበር፤ አራት መቶ ያህል ሰው ወሰደው። «እንግዲያ ሚረር አይታመንም፣ ከዋናው ድረ ገጽ እንውሰድ» ትሉኝ ይሆናል። በየካቲት 2016 እ.ኤ.አ. ሊኑክስ ሚንት ላይ የሆነውን ስሙ፦ ሌቦቹ ዋናውን ድረ ገጽ ሰብረው ገቡና የማውረጃውን አድራሻ ወደ ራሳቸው ሰርቨር አዞሩት። ሚረሮቹ ንጹሕ ነበሩ፤ የተበላሸው ዋናው በር ነው። ስለዚህ ጥያቄው ከማን ወሰድክ አይደለም፤ የወሰድከውን መረመርክ ወይ ነው። የመረመረ ሰው ከማያውቀው ሰው ሰርቨር ቢያወርድም አይጎዳም። ያልመረመረ ግን ከዋናው በር ገብቶም ይሰረቃል።

የእህቴን ልጅ ባለፈው ኡቡንቱ ሲያወርድ አገኘሁትና «ቼክሰሙን፣ ያን የፋይሉን አሻራ አየህ?» አልኩት።

«አይቻለሁ ጋሼ፣ ገጥሟል።»

«እንዴት አየኸው?»

«የፊተኞቹ አራት ፊደላትና የኋለኞቹ አራት አንድ ናቸው።»

«64 ፊደል ነው እኮ! የመሐሉ 56 ለጌጥ ነው?»

ዝም አለ። ዓይኑንም ማድከም አልነበረበትም፤ የማመሳከሪያው ትእዛዝ ላይ ጭረት ሲን (-c) ቢጨምርበት ኮምፒውተሩ ራሱ አመሳክሮ «ደህና ነው» ይለው ነበር። እሱም አይበቃም። ቼክሰሙን ከዚያው ከተሰበረው ድረ ገጽ ከወሰድከው ሌባን ለራሱ ምስክር አቆምከው ማለት ነው። ለዚህ ነው የቼክሰሙ ዝርዝር ጂፒጂ በሚባለው የዲጂታል ፊርማ መሣሪያ የሚፈረመው፤ ፊርማውን ቀድሞ ባረጋገጥከው ቁልፍ ስታየው ነው ነገሩ የሚያልቀው። «አፕት ራሱ ያረጋግጥልኛል እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አንዴ ከተጫነ በኋላ ፓኬጅ ጫኚው አፕት እያንዳንዱን ፓኬጅ ይመረምራል። ግን አፕትን ራሱን ያመጣውን የመጀመሪያውን ፋይል ማን መረመረው? «ጋሼ፣ ሻይ ላምጣልህ?» አለኝ። መልስ ሲያጣ ሻይ ነው።

ከናንተ የምፈልገው ብዙ አይደለም። ያወረዳችሁትን መርምሩ። የዩኒቨርሲቲ ሰርቨር ክፍል የምትጠብቁ ደግሞ አንድ ሚረር ትከሉ። የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ ኔትወርካቸው ተክለው ያድላሉ። አንድ ፋይል አንዴ በውጭ መስመር ከገባ፣ መቶ ተማሪ ከአገር ሳይወጣ ይወስደዋል። ዲስክ ያስፈልጋል፣ አርሲንክ ያስፈልጋል፣ ሌሊት ሲቆም ተነሥቶ የሚያየው ሰው ያስፈልጋል። ለመጨረሻው ማንም እጁን እንደማያወጣ አውቃለሁ። እኔን እንዳትጠሩኝ፤ ጡረታ ወጥቻለሁ። ቢቆም ግን ከሁላችሁም ቀድሜ ስልክ የምደውለው እኔ ነኝ።