ያወቅነውን መልሱልን

በኛ ጊዜ አንድ ነገር አንዴ ከታወቀ ታወቀ ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፈዋል፣ እኛ ደብተር ላይ እንገለብጠዋለን፣ ለሚኒስትሪ ፈተና እንሸመድደዋለን፤ አለቀ። የአፍሪካ ትልቋ አገር? ሱዳን። ፕላኔቶች ስንት ናቸው? ዘጠኝ። የኢትዮጵያ ጠቅላይ ግዛቶች? አሥራ አራት፤ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ በአንድ ትንፋሽ እወርዳቸዋለሁ። ለእያንዳንዷ መልስ አለንጋ በልቼባታለሁ። ያን ሁሉ አለንጋ የበላሁበትን እውቀት ነው እንግዲህ የልጅ ልጆቼ በስልክ አንድ በአንድ የሚሽሩብኝ።

ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈራችን፣ እሁድ ከሰዓት ቡና ይፈላል። ድሮ ቡና ላይ ሰው ይታማ ነበር፤ ጤናማ ነገር ነው። አሁን ልጆቹ ስልኩን መሐል አስቀምጠው «ጠቅላላ እውቀት» የሚሉትን ጨዋታ ይከፍታሉ። ጥያቄ ይመጣል፣ ከሥሩ አራት ምርጫ ይደረደራል፣ ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ ይላል። «አባባ፣ ሠላሳ ሴኮንድ ነው ያለዎት!» ትለኛለች ትንሿ። ሠላሳ ሴኮንድ እኮ መነጽሬን እንኳ የማገኝበት ጊዜ አይደለም።

ሱዳን አልኩ፤ ስልኩ ቀይ አበራ። አልጀሪያ ናት አለ። ለካ ሐምሌ 2003 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ራሷን ችላ ስትወጣ ሱዳን አንሳ አልጀሪያ በልጣለች። አልጀሪያ አንዲት ስንዝር መሬት ሳትጨምር፣ ቤቷ ቁጭ ብላ አንደኛ ወጣች! እኔ ቁጭ ብዬ ያገኘሁት ነገር ቢኖር የወገብ ሕመም ነው።

የፕሉቶን ነገርማ አታንሱብኝ። ነሐሴ 1998 ዓ.ም. የጠፈር ሊቃውንት ፕራግ ላይ ተሰብስበው ድምፅ ሰጡባት። ድምፅ የሰጡት ቢጫ ካርድ እያወጡ ነው፤ ለሷ ግን ቀይ ሆነባት፤ «ድንክ ፕላኔት» ተብላ ወረደች። ጥፋቷ ምንድን ነው? ብዬ ብጠይቅ፣ በምሕዋሯ ዙሪያ ያለውን አካባቢ አላጸዳችም አሉኝ። ደጁን ያልጠረገ ሁሉ የሚባረር ከሆነ ከኛ ሰፈር ስንት አባወራ ይተርፋል?

ሩቅ አገርና ሰማይስ ይሁን። ሐዋሳስ? ልጅ ሆነን የሲዳሞ ዋና ከተማ ሲሉን ይርጋለም ነበር የምንለው። ቆየት ብሎ አይደለም፣ አዋሳ ነው ተባለ። ከዚያ የደቡብ ክልል መቀመጫ ሆነች። በ2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ የሲዳማ ክልል ሲመሠረት ደግሞ የሲዳማ። የደቡብ ክልል የሚባለው ራሱ ዛሬ የለም። እኔ ከዚህ ሰፈር አንዲት ዱካ እንኳ አላነሳሁም፤ መልሱ ግን በላዬ ላይ ሲገላበጥ ኖረ። ስሟም ቢሆን በ«አ» ጽፈን ኖረን በ«ሐ» ሆነ፤ አንዳንዱ በ«ሀ» ይጽፈዋል። ሠላሳ ሦስት ናቸው ተብሎ የተማርናቸው ፊደላት ላይም «ቨ»ን ቀጥለውባቸዋል፤ ጥርሴ ሲረግፍ የመጣች ፊደል፣ ከንፈር ነክሶ የሚጠራት ይጥራት።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን የአበበ ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ጨረሰው። ጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በተቀደደ በጥቂት ሳምንት ውስጥ፣ በ2:12 ገባ፤ ሁለተኛው ሲመጣ ከአራት ደቂቃ በላይ አልፎ ነበር፤ አበበ ሜዳው ላይ ሰውነቱን እያፍታታ ነበር። ይኼ መልስ ነው። ይኼ አይነካም ብዬ ሳለሁ፣ ትንሿ ቀና ብላ «አባባ፣ ትዕግስት አሰፋ ቀድማዋለች እኮ» አለችኝ። ስኒው ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

እውነቷን ነው። መስከረም 2016 ዓ.ም. ትዕግስት በርሊን ላይ በ2:11:53 ገብታለች። የኛው ልጅ ናት፣ እሰየው፣ እልልም ብያለሁ። ግን ሒሳብ በሒሳብ ከሆነ ሚዛን ይምጣ! ያን ቀን ያደረገችው አዲዳስ አንዱ እግር 138 ግራም ነው ይሉኛል፤ ዋጋው 500 ዶላር፣ ያውም ለአንድ ውድድር ተብሎ የተሠራ። የአበበ የሮም ጫማ ስንት ግራም ነበር? ዜሮ። ዋጋውስ? ዜሮ። እስቲ ስልኩ ይኼን ያስላ! ልጅቷ ግን «ቶኪዮ ላይ ተጫምቶ ነበር» አለች። ልጅ ሲያውቅ ደግ አይደለም።

ከተቀየሩት መልሶች ሁሉ አንዱን ብቻ በደስታ ተቀብያለሁ። ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. የወሰደው የአክሱም ሐውልት የት ነው ያለው? ሲባል ሮም እያልን አድገናል። አበበም የሮሙን ውድድር ሲሮጥ በአጠገቡ አልፏል። በ1997 ዓ.ም. በአውሮፕላን ተመልሶ፣ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ተተክሏል። እንዲህ ያለውን መልስ በየሳምንቱ ቀይሩት፣ አልቀየማችሁም።

ጨዋታውም ቢሆን ጨዋታ አይደለም። እንቆቅልህ ስንባባል፣ ያልቻለ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጎንደርን፣ ሐረርን፣ ጅማን ይሰጣል፤ ተቀባዩ አገሩን ዞሮ ዞሮ ተሸናፊውን አመድ ላይ አስቀምጦ ይሰድበው ነበር። አሁን ነጥብ ነው የሚሰጡት። አንድ ቀን በድሮው እንጫወት ብላቸው፣ ትልቁ ልጅ «አባባ፣ አገር ስንሰጥ በየትኛው ክልል ሥር ነው የሚለው ያጨቃጭቃል» አለኝ። የሚያሳዝነው ልክ መሆኑ።

ባለፈው ታዲያ ነገሩ ሲመረኝ ስልኩን ወደ ጓዳ አስወሰድኩትና አንዲት ጥያቄ አመጣሁ፤ «እንቆቅልህ!» «ምን አውቅልህ!» አሉ። «በየቀኑ የምታዩት ሐይቅ የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። እነ ሻላና አቢጃታ መውጫ አጥተው ውኃቸው ለአፍ አልሆን ብሎ ቀርቷል፤ የኛው ለምን ጣፋጭ ሆነ?» ዝም። አንዱ «ዓሣ ስላለው» አለ። አንዱ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ቆሮሶና አምባዛ ሲበለት ስላየ ነው መሰለኝ፣ «ጨውን አሞራው አባ ኮዳ ይበላዋል» አለ። ከአራት ምርጫ ውጭ ማሰብ ያቃታቸው ልጆች!

ሁለተኛው ቡና እስኪወርድ ጠበቅኳቸውና ነገርኳቸው፦ ውኃው ከሥር በመሬት ውስጥ እየሰረገ ይወጣል፣ ጨውንም ይዞት ይሄዳል። አላመኑኝም፤ ትልቁ ስልኩን ከጓዳ አምጥቶ ፈለገ፣ አነበበ፣ ፊቱ ወደቀ።

«አገር ስጡኝ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ተንሾካሾኩ፣ ተመካከሩ። ከዚያ ትንሿ ተነሥታ እጅ ነሣችና «አባባ፣ ማንም የማይከራከርዎትን ፕሉቶን ሰጥተንዎታል» አለች።

ተቀብያለሁ። የተረከብኳት ግን ፕላኔት እንደሆነች ነው።