ለራስ ሲቆርሱ

የምርምር ጽሑፍ ማንበብ ኋላ ቀርነት ነው። በተለይ የኢሚውኖሎጂ! የቲ ሴሉና የቢ ሴሉ ጠብና ዕርቅ፣ የሳይቶካይኑ ወሬ አቀባይነት፣ ይህን ሁሉ ለመከታተል ማን ጊዜ አለው? ዕድሜ ይስጣቸውና ሆርሄ ሂርሽ የተባሉ የካሊፎርኒያ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2005 ገላገሉን። 20 ጽሑፎችህ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ ከተጠቀሱልህ ኤች-ኢንዴክስህ 20 ነው። አለቀ። የድሮ አዳኝ እንኳ ሲፎክር አንበሳውን ከሚዳቋ ይለይ ነበር፤ ኤች-ኢንዴክስ እንዲህ ያለ አድልዎ አያውቅም።

ለምን እንደተጠቀስክም አይጠይቅም። አንድሩ ዌክፊልድ በ1998 ላንሴት ላይ ባወጣው ጽሑፍ የኩፍኝ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር አጎዳኝቶ ስንቱን ወላጅ አስደነገጠ፤ የመረመራቸው ልጆች 12 ብቻ ነበሩ። መጽሔቱ በ2010 ጽሑፉን ሰረዘው። ጠቃሹ ግን፣ ለማውገዝም ይሁን፣ ዛሬም አልጠፋም። በዚህ ሒሳብ እርግማንም እንደ ምርቃት ይቆጠራል።

ስለዚህ ልጄ፣ አይጥህን ከመውጋትህ በፊት የሚጠቅሱህን ወዳጆች ሰብስብ። ነገሩ እቁብ ነው፤ ዛሬ ለአንተ ይወጣል፣ ነገ ለእኔ። ወዳጅ ካጣህ ራስህን ጥቀስ፤ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ። አንድ ግኝት ከቀናህም በአንድ ጽሑፍ አትጨርሰው። ቅርጫ አይተህ የለም? አንዱ በሬ ለስንት መደብ ይበቃል! ከዚያ በየመደቡ የአለቃህን ስም ጨምር። ምን ሠርቶ እንዳትል።

በዚህ ረገድ የኢሚውኖሎጂ ሊቋ ፖሊ ማትዚንገር ቀድመውናል። በ1978 ጆርናል ኦቭ ኤክስፐሪሜንታል ሜዲስን ላይ ባወጡት ጽሑፍ ሁለተኛዋ ደራሲ ጋላድሪኤል ሚርክውድ ትባላለች፤ ውሻቸው ናት። ብቻቸውን ጽፈው «እኔ» ማለቱ ቢከብዳቸው «እኛ» ለማለት ሰው አስፈለጋቸው። (በእኛ አገር ለዚህ ዘውድ መጫን ይበቃ ነበር።) ሰዎች ሲሰሙ ተቆጡ። እኔ ግን ውሻዋን አከብራለሁ፤ ስሜ ለምን ሁለተኛ ሆነ ብላ አልጮኸችም።

ድመቶችም አልቀሩም። በ2024 የምርምር ማጭበርበርን የሚከታተሉ ሁለት ሰዎች ላሪ የተባለን ድመት፣ የአንደኛቸው አያት ድመት ነው፣ በጉግል ስኮላር በዓለም ላይ እጅግ የተጠቀሰ ድመት አደረጉት። ጽሑፎቹም ጠቃሾቹም ትርጉም የለሽ ናቸው። ማሽኑ ግን ቆጠረ። ላሪ ቢያመለክት ለረዳት ፕሮፌሰርነት የሚጎድለው ዲግሪ ብቻ ነው።

የመጠቀስ ቆጠራ አባት ዩጂን ጋርፊልድ ድርጅታቸውን ያቋቋሙት ፊላደልፊያ ነው፤ ዶክትሬታቸውንም በ1961 ከዚያው ከተማ፣ ከፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተቀበሉ። በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ካታሊን ካሪኮ የተባሉ የሃንጋሪ ተወላጅ ኤምአርኤንኤ፣ ኤምአርኤንኤ (ለሴል ትእዛዝ አድራሹ ሞለኪውል ነው) እያሉ ያስቸግሩ ነበር። ገንዘብ የሚሰጣቸው ጠፋ፤ በ1995 ከደረጃቸው ዝቅ ተደረጉ። ደግ አደረጓቸው! የሚቆጠር ነገር የሌለው ሰው እንዴት ይመዘናል?

ሴትዮዋ ግን አልሰሙም። ፎቶ ኮፒ ማሽን አጠገብ ከተዋወቋቸው የኢሚውኖሎጂ ባለሙያ ከድሩ ዋይስማን ጋር ሆነው፣ ኤምአርኤንኤው አንድ ፊደሉ ላይ ትንሽ ለውጥ ከተደረገለት ሰውነት እንደ ጠላት ቆጥሮት የማንቂያ ደወል እንደማይደውል አሳዩ። ኔቸር ጽሑፉን መለሰው። ኢሚዩኒቲ የተባለው መጽሔት በ2005 አተመው፤ ኤች-ኢንዴክስ በተወለደበት ዓመት ማለት ነው። ሁለቱ መንታዎች እኩል አላደጉም። አንዱን የዓለም ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ተሻማው፤ ሌላውን ያስተዋለው ጥቂት ነበር። ካሪኮም በ2013 ጓዛቸውን ጠቅልለው ጀርመን፣ ባዮንቴክ የተባለ ኩባንያ ገቡ።

ከዚያ ኮቪድ መጣ፣ የኤምአርኤንኤው ክትባት መጣ፣ በ2023 ኖቤሉ ለሁለቱ መጣ። ጥቅሱም እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደ። እንግዲህ ቆጣሪዎቹ አልተሳሳቱም፤ ቁጥሩ ነው የዘገየው። ከ2005 እስከ 2013 ድረስ ያለው ስምንት ዓመት አንብቦ ለመፍረድ ይበቃ ነበር የሚል ነገረኛ አይጠፋም። ጽሑፉ እኮ 11 ገጽ ነው።