የጨው፣ የአማትና የላስቲክ ምስክርነት

የቤት እርጥበት በብቸናና በሞጣ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለ ክፍያ የሚሰጥ የትምህርት ዘርፍ ነው። የመግቢያ ፈተና የለውም፤ ጣራና ግድግዳ ያለው ሁሉ ሳያመለክት ተመዝግቦ ይገኛል። ሁለቱ ከተሞች ከደጀን ተነስቶ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ብቸና ከጮቄ ተራራ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ሞጣ በስተሰሜን በመሆናቸው፣ ከ4000 ሜትር በላይ በሚረዝመው ተራራ ላይ የሚሰፍረው የሐምሌ ደመና አንዱን ጎብኝቶ ሌላውን አይረሳም። ስለዚህ «ቤት ውስጥ እርጥበት አለ ወይስ የለም?» የሚለው ጥያቄ በአካባቢው ሊቃውንት ዘንድ ከተዘጋ ቆይቷል። ክፍት የሆነው «ከየት መጣ?» የሚለው ብቻ ነው። በዚህ ላይ ግን በአንድ ጣራ ሥር የሚያድሩ ባልና ሚስት እንኳ አንድ አቋም ይዘው አያውቁም።

ለምርመራው የሚያስፈልገው ቀዳሚ መሣሪያ ጓዳ ውስጥ ተቀምጧል። የገበታ ጨው፣ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ75 በመቶ ሲያልፍ፣ ከአየር ውሃ እየሳበ መሟሟት ይጀምራል። ይህ ጠባዩ አስተማማኝ በመሆኑ በቤተ ሙከራ የእርጥበት መለኪያዎችን ለማረም ያገለግላል። የሞጣዋ እመቤት ቤተ ሙከራ መግባት አላስፈለጋትም፤ ማንኪያው የጨዉን ዕቃ አንጠልጥሎ ሲነሳ ንባቡ ተጠናቀቀ፣ ውጤቱም «ኧረ ቤቱ ረጠበ!» ተብሎ ለቤተሰቡ ይፋ ይሆናል። ክብሪት ሦስቴ ተጭሮ ራሱ ሲላጥ ግኝቱ በሁለተኛ መሣሪያ ተረጋገጠ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ከበሮ ካለ ደግሞ፣ ቆዳው ረግቦ ድምፁ ሲሞት በሦስተኛ።

ጨው ለእህልም ይመሰክራል። ደረቅ ጨውና እህል በደረቅ ጠርሙስ ተጨምረው ጥቂት ከተናጡ በኋላ ጨው ከጠርሙሱ ጎን ከተለጠፈ፣ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ ውሃ ይዟል። ግድግዳ ተደግፎ ከከረመ ጆንያ ሁለት እፍኝ፣ አንዱን ከግድግዳው ጎን፣ ሌላውን ከፊት ለፊት፣ ቆንጥሮ መሞከር ስለ እህሉም ስለ ግድግዳውም ባንድ ጊዜ ያሳውቃል። ግድግዳው ጥፋተኛ ሆኖ ሲገኝ ጆንያው ወደ ሌላ ግድግዳ ይዛወራል፤ ግድግዳው በነፃ ይለቀቃል።

አውሮፓውያን በዚህ ዘርፍ ዘግይተው ገብተዋል። የጄኔቫው ምሁር ኦራስ ቤኔዲክት ደ ሶሲዩር በሰው ፀጉር የሚሠራ የእርጥበት መለኪያውን በ1783 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ሲያሳውቅ ትልቅ ግኝት ተብሎለታል፤ ፀጉር ሲረጥብ እንደሚረዝም፣ ሲደርቅ እንደሚያጥር አስተውሎ ነው። በሐምሌ ሹሩባ የተሠራች ሴት ሁሉ ይህን ታውቀዋለች። መጽሐፍ ግን አላሳተመችም።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ረቂቁ አፍንጫ ነው። የአፈር ባክቴሪያዎች የሚሠሩትን፣ ጂኦስሚን የተባለውን ውህድ፣ የሰው አፍንጫ ከአንድ ትሪሊዮን ጥቂት እጅ ብቻ ቢሆን እንኳ ይለየዋል። ይህ ችሎታ በሁሉም ሰው ላይ ቢኖርም፣ ለጥየቃ በመጣች አማት ላይ ግን ልዩ ደረጃ ይደርሳል። አማት የበሩን መድረክ ሳትጨርስ «ልጄ፣ ምነው ቤታችሁ እምክ እምክ አለኝ?» ካለች ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ፣ እርጥብ ቤት ለሳል፣ ለአስምና ለመተንፈሻ አካል ሕመም እንደሚያጋልጥ አስረድቷል። ነገር ግን «ሻጋታ ከዚህ ቁጥር ሲያልፍ ይጎዳል» የሚል ልክ ማስቀመጥ እንዳልተቻለም በዚያው ገልጿል። ቁጥሩ እስኪገኝ የአማት አፍንጫ በሥራ ላይ ይቆያል።

ከዚህ በኋላ ሊቃውንቱ በጎራ ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ጎራ «ከላይ ነው» ይላል። ማስረጃው ወለል ላይ ተደርድሯል፦ እዚህ ሳፋ፣ እዚያ ባልዲ፣ አልጋው ራስጌ ጣሳ። ይህ ድርድር ዘፈቀደ አይደለም፤ ከዓመት ዓመት የተጠና ካርታ ነው፣ ሳፋዋን አንድ ስንዝር ያንቀሳቀሰ ልጅም ይቆነጠጣል። ጎራው የሚሳሳተው ቀዳዳውን ከጠብታው በላይ ሲፈልግ ነው። ውሃ በቆርቆሮው ሥር ገብቶ ማገሩን እየተከተለ ርቆ ሄዶ ስለሚንጠባጠብ፣ የሚያፈሰው ምስማር ሳሎን፣ ሳፋው ጓዳ ሊሆን ይችላል። ፍቱኑ ዘዴ ዝናብ ሲያባራ በቀትር በርና መስኮት ዘግቶ ኮርኒስ በሌለበት በኩል ወደ ላይ መመልከት ነው። በቀን ኮከብ የሚያሳይ ጣራ የተበሳበትን ቦታ በራሱ ይናዘዛል።

ሁለተኛው ጎራ «ከውስጥ ነው» ይላል፤ ደጋፊው ግን ጥቂት ነው፣ ምክንያቱም ጥፋቱን ወደ ቤተሰቡ ያዞራል። ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ማግስት፣ ጠብታ ዝናብ ሳይጥል፣ ቆርቆሮው ወደ ንጋት ሲያንጠባጥብ ቢታይ ምስማሩ በሐሰት ተከሷል። ቆርቆሮ ሌሊቱን ሙቀቱን ወደ ሰማይ ለቅቆ ይቀዘቅዛል፤ ከታች የሚወጣው እንፋሎት ሲነካው ውሃ ይሆናል። ሳር ክዳን እንዲህ አይቀዘቅዝም ነበር፣ በላዩም የእሳቱ ጢስ ያደርቀው ነበር። እንፋሎቱን ማን እንደሚያመርተው መጠየቅ ነውር ቢሆንም ይታወቃል፦ አራት ሰው ያለበት ቤት በትንፋሽ፣ በማብሰልና በማጠብ በቀን እስከ 10 ሊትር ውሃ ወደ አየር ይለቃል። እርጥበቱን ለማየት ጎረቤት ሲሰበሰብ ቡና ይፈላል፤ አቦል ሲጠጣ ጣራው ይመረመራል፣ ቶና ሲጠጣ ግድግዳው፣ በረካ ሲደርስ ተመርማሪው ከመጀመሪያው በልጦ ረጥቧል። ተመልካቹ የሚመለከተውን ነገር የመለወጡ ችግር ፊዚክስንም እንዳስቸገረ ይነገራል።

እርጥበቱ የቤቱ አየር ይሁን የግድግዳው ለመፍረድ ላስቲክ በቂ ነው። አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሆነ ላስቲክ ግድግዳው ወይም ወለሉ ላይ ተለጥፎ ዙሪያው አየር እንዳያስገባ ይታሸጋል፤ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይቆያል። ከክፍሉ ፊት ያለው ገጽ ከላበው እርጥበቱ የቤቱ አየር ነው፤ ከግድግዳው ጎን ያለው ከላበው ግድግዳው ራሱ ያዣል። በአሜሪካ የኮንክሪት ወለል የሚመረምሩ ባለሙያዎች ይህንኑ መስፈርት አድርገው፣ ላስቲኩ ቢያንስ 16 ሰዓት እንዲቆይ ደንግገዋል። ደንጋጊዎቹ ግን ብቸና አላደሩም። በክረምት ላስቲክ ግድግዳ ላይ 16 ሰዓት ሥራ ፈትቶ አይቆይም፤ የማገዶ እንጨት እየረጠበ እንደሆነ ያስታወሰ ሰው ገንጥሎት ይወጣል።

ሦስተኛው ጎራ «ከታች ነው» የሚለው ነው፤ በብቸና በኩል ክብደት ይሰጠዋል፣ ምክንያቱም ከተማዋ የቆመችው ዋልካ ላይ ነው። በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ይሸፍናል ተብሎ የሚገመተው ይህ ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ውሃ አንዴ ከያዘ ቶሎ አይለቅም። የጭቃው ግድግዳ በእግሩ ይህን ውሃ ወደ ላይ ይመጥጣል። ይሁንና ከመሬት የሚወጣ እርጥበት ብዙ ጊዜ ከአንድ ሜትር ገደማ አያልፍም፤ ከዚያ በላይ ያለ እድፍ ሌላ አባት ይፈለግለታል። እርጥበቱ በደረሰበት ከፍታ ውሃው ሲተን ጨው ጥሎ ስለሚሄድ ነጭ ዱቄት ይታያል። ቤት ውስጥ ጥጃ የታሰረ እንደሆነ ግድግዳውን እየላሰች መስመሩን ታመለክታለች፤ ከመሣሪያዎቹ ሁሉ መኖ የምትጠይቀው እርሷ ብቻ ናት። እንግሊዛዊው ግንበኛና ጸሐፊ ጄፍ ሃውል በ2008 እ.ኤ.አ. ከመሬት የሚወጣ እርጥበት ተረት ነው የሚል መጽሐፍ አሳትሟል። የጻፈው ስለ እንግሊዝ ጡብ ነው፤ ዋልካ ላይ የቆመ ጭቃ ቤት አልተጠየቀም።

የታችኛውን የሚመስል፣ ግን የላይኛው የሆነ አሳሳችም አለ፦ ጠፈጠፍ። አሸንዳ የሌለው ቆርቆሮ ውሃውን ከግድግዳው ሥር ያወርዳል፣ ውሃውም መሬቱን ቆፍሮ ጭቃውን እስከ ጉልበት ይረጫል። መለያው ቀላል ነው፤ ከውጭ ግድግዳው እስከ ጉልበት የጭቃ ነጠብጣብ ከለበሰ ውሃው ከሰማይ ወርዶ ነው የነጠረው።

በሕክምና በኩል ዘርፉ እንደ ምርመራው አልገፋም። ዋነኛው መድኃኒት «ክረምቱ ይውጣ» ነው። ጥቅምት ላይ ግድግዳው ሲደርቅ ሕመሙ አልነበረም ይባላል። ጥር ላይ ደግሞ ሰርግ ይመጣና የቀረው ማስረጃ በቀለም ይጠፋል። ጭቃ ግድግዳ ላይ የሚቀባ የዘይት ቀለም ወይም የሚለሰን ሲሚንቶ ውሃውን አይከለክለውም፤ መውጫውን ይዘጋበታል፣ ውሃውም ከፍ ብሎ ሌላ መውጫ ይፈልጋል። በተከታዩ ሐምሌ ልስኑ ሲያብጥና ሲወድቅ ተወቃሹ ቀለም ቀቢው ነው። ኖራ ግን ሌላ ነው፤ ከሞጣ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ የሚገኘው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራው ሰባራ ድልድይ ከ300 ዓመት በላይ ከወንዝ ጋር ኖሯል። ስሙን ያተረፈለትም ውሃው አልነበረም፤ በጣልያን ወረራ ዘመን ሰው ነው የሰበረው። ኖራ ውሃ ያስተነፍሳል። ይህ ማስረጃ በጥር ወር ለሙሽራው ቤተሰብ ቀርቦ ተቀባይነት ያገኘበት ጊዜ ግን አልተመዘገበም።

ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ ቤት ማድረቅም በአንዳንዶች ዘንድ ይመከራል። ዘዴው ከእርጥበቱ በፊት ነዋሪውን ስለሚያስወግድ ይህ ጽሑፍ አይደግፈውም።

ብዙ ጊዜ የሚረዳው ቦይ ነው። ለዚህ ደግሞ አካባቢው እውቀት አይቸግረውም፤ ገበሬው ማሳው ውሃ እንዳይዝ ፈሰስ ያወጣል፣ በየትኛው በኩል እንደሚያጋድል በዓይኑ ይለካል። ያው ሰው ከማሳ ሲመለስ የገዛ ቤቱን ጠፈጠፍ ተሻግሮ ይገባል። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ማሳው ላይ የሚፈሰው ውሃ ወደ ገደል ይሄዳል፤ ከተማ ውስጥ የሚፈሰው ወደ ጎረቤት ነው። ቦይ የቆፈረ ሰው በሦስተኛው ቀን በር ላይ «አያ፣ ውሃዎ እኮ እኛ ቤት እያደረ ነው» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ነገሩም ወደ ሽማግሌ ይሄዳል። ሽማግሎች ጃንጥላቸውን ይዘው ቦታውን ይረግጣሉ፣ የውሃውን አካሄድ በበትራቸው ጫፍ ይከተላሉ፣ ሁለቱ ወገኖች ቦዩን በድንበራቸው ላይ አጋርተው ወደ ታች እንዲለቁት ይበይናሉ። ከታች በኩል ያለው ሦስተኛው ጎረቤት በሽምግልናው አልተጠራም።