ሙሽራው ፍየል

የመተማዋ ገንዳ ውሃ ሰው ፍየል ሲገዛ ግማሽ ሐኪም ነው። ጥርሱን ፈልቅቆ ያያል፣ ሽንጡን ይዳስሳል፣ ወዲያ ወዲህ አስኬዶ አረማመዱን ይገመግማል። ሲያስለው ቢሰማ ጆሮውን ደረቱ ላይ ለመለጠፍ ትንሽ ነው የሚቀረው። ከደላላው ጋር ሁለቴ ተጣልቶ ሁለቴ ይታረቃል። ይህን ሁሉ ተጨንቆ የመረጠውን ሙክት እየጎተተ ቤቱ ሲደርስ ግን በር ላይ የሚጫወት ልጅ ይጠራና «እንካ፣ ሩጥ፣ ከሰል ገዝተህ ና!» ይለዋል። «ምን ዓይነት ከሰል?» ብሎ የጠየቀ ልጅ እስካሁን አልሰማሁም። ቢጠይቅም መልሱ «ጥቁሩን!» ነው።

ማታ ጥብሱ ላዩ አርሮ ውስጡ ጥሬ ሲሆን፣ ወይም ሥጋው ናፍጣ ናፍጣ ሲል ችሎት ይቀመጣል። ተከሳሹ ሁልጊዜ ፍየሉ ነው። «አርጅቶ ነው።» «ሲነዳ ውሎ ደክሞት ነው።» «ድሮም ዓይኑ አላማረኝም ነበር።» ፍየሉ ሞቷል፤ ይግባኝ አይልም። ከሰሉም አመድ ሆኗል፤ ማስረጃ የለም።

እኔ በዚህ ጉዳይ የፍየሉ ጠበቃ ነኝ። በዕድሜዬ ከቀመስኩት መጥፎ ጥብስ ውስጥ በሥጋው ጥፋት የተበላሸው ጥቂት ነው። የቀረውን ያበላሸው እሳቱ ነው።

የሩቅ ሰው መተማ ሲባል ትዝ የሚለው መጋቢት 1881 ዓ.ም. እና አጼ ዮሐንስ ናቸው፤ የነጋዴ ወገን ከሆነ ደግሞ ሰሊጥ። እሳት ትዝ የሚለው የለም። እኛ ግን መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ተሻግሮ ሲሄድ፣ ጥላ ሥር ምድጃ አስቀምጠን፣ ዙሪያውን ተኮልኩለን፣ ቡና እስከ በረካ የምንጠጣ ሕዝብ ነን። ከጋላባት ማዶ ያሉት የሱዳን ጎረቤቶቻችንም ያው ናቸው፤ ቡናቸውን በዝንጅብል ያስነጥሱታል፣ ሸያ የሚሉትን ሥጋ ፍም ላይ ይጠብሳሉ። በዚህ ሙቀት እሳት አጠገብ በፈቃዱ የሚቀመጥ ሰው ቢያንስ እሳቱን መርጦ መቀመጥ ነበረበት።

ከሰል መምረጥ ያስተማሩኝ የከሰል ደንበኛዬ ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። መጀመሪያ ነገር፣ ማዳበሪያ ከአናቱ አይታይም። አናቱ ለታይታ ነው፤ ክንድ ክንድ የሚያክለው ጉማጅ ተደርድሮ፣ ሳር ለብሶ፣ በገመድ ተጠላልፎ እንደ ሽማግሌ ጥምጥም ቀጥ ብሎ ይቆማል። «እጅህን ስደድ» ይላሉ እትዬ። «እስከ ብብትህ ስደደው እንጂ፤ ምን ያሽኮረምምሃል?» ክርን ሲደርሱ ጉማጁ ጡጫ ያህላል፤ ብብት ሲደርሱ የአውራ ጣት ጫፍ ነው። ከዚያ በታች ያለው ድቃቂና አፈር ነው። ሳያይ የገዛ ሰው ግማሽ ማዳበሪያ ከሰልና ግማሽ ማዳበሪያ መሬት ገዝቶ ይሄዳል፤ ካርታ አይሰጡትም እንጂ። (እትዬ ይህን ሁሉ የሚያስተምሩኝ የጎረቤታቸውን ማዳበሪያ እያሳዩ መሆኑን በጊዜው ልብ አላልኩትም።)

ቀጥሎ ሁለት ጉማጅ ያነሳሉ፤ ያጋጫሉ። «ቅጭል!» ካለ በስሏል። «ድፍ» ካለ ወይ እርጥበት ገብቶታል፣ ወይ ጥሬ ነው። ከዚያ አንዱን ይሰብሩታል። ስብራቱ እያብለጨለጨ ጥቁር ከሆነ ወደ ጎን ያስቀምጡታል፤ ሆዱ ቡናማ ከሆነ ወደ ባለቤቱ ማዳበሪያ በንቀት ይወረውሩታል። ቡናማው ገና እንጨት ነው። ከሰል አክሳይ እንጨቱን ከምሮ፣ ሳርና አፈር አልብሶ፣ በትንሽ ቀዳዳ ብቻ እያስተነፈሰ ለቀናት ነው የሚያስጨንቀው። አየሩ ከበዛ ክምሩ ይነድና አመድ ይታቀፋል፤ ቸኩሎ ቀድሞ ከከፈተው ጥሬ ያወጣል። በደንብ የከሰለ ከሰል ጭሱን ጫካ ጥሎ የመጣ እንጨት ነው። ጥሬው ግን ጭሱን በሻንጣ ይዞ ቤትህ ይገባል፤ ዓይን ያስለቅሳል፣ ወጥ ያጠቁራል፣ ጎረቤት ያጣላል። ጭስ አልባው ቢሆን ግን ንጹሕ ነው ተብሎ አይታመንም። ቀይ ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይተነፍሳል፤ ይህ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ምድጃ አስገብቶ በር ዘግቶ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ደጋ ላይ በብርድ ምክንያት ስንት ቤት አጉድሏል። ቆላችን በሙቀቱ የሚታማውን ያህል በዚህ በኩል ምስጋና አላገኘም።

የእንጨቱ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ቅርቅራ አለ፣ ወንበላ አለ፣ አባሎ፣ ገመርዳ፣ ላሎ አለ። ደንቡ አንድ ነው፤ ከባድ እንጨት ከባድ ከሰል ይወልዳል። ከባዱ ለመያዝ ይለግማል፤ ማራገቢያ የያዘውን ክንድ ያዝላል፤ አንዴ ከያዘ ግን እንግዳው በልቶ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ሐሜቱ አልቆም አይጠፋም። ቀላሉ ቶሎ ይቀጣጠላል፤ ሥጋው ጨው ሳይነካው እሱ አመድ ለብሶ ይጠብቅሃል። የዕጣን ዛፍ ሙጫው ፍም ላይ አርፎ ቤት ያሳምር እንጂ፣ እሱን ለከሰል መቁረጥ ነውርም ኪሳራም ነው። ዞቢ የሚባለው ጥቁር እንጨት ደግሞ ፈረንጆቹ ክላርኔት የሚሠሩበት ነው። እኛ ጋ ምድጃ የገባ ዕለት፣ ያው፣ የቻለውን ያህል ያፏጫል።

እዚህ ላይ አንድ የሚከነክን ነገር አለ። ምርጡ ከሰል የሚወጣው በዝግታ ከሚያድገው ዛፍ ነው። በተለምዶው አከሳሰል ከ10 ኪሎ እንጨት የሚገኘው 1 ወይም 2 ኪሎ ከሰል ነው። 30 ኪሎ ከሰል ተሸክሞ የሚገባ ሰው ሁለት ኩንታል እንጨት ተሸክሟል ማለት ነው፤ ትከሻው አልተሰማውም እንጂ። አዊ ውስጥ የፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚሉትን የአውስትራሊያ ግራር ራሳቸው ሲተክሉ፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጠው ሲያከስሉት፣ መሬቱ ላይ መልሰው እህል ሲዘሩ ኖረዋል። እነሱ የተከሉትን ያከስላሉ፤ እኛ እግዜር የተከለውን። እግዜር ደግሞ እንደ ፋግታ ገበሬ አይቸኩልም። (ኬላ ላይ ተይዞ «ለቤቴ ፍጆታ ነው» የሚለውን፣ አንድ መኪና ሙሉ ከሰል የጫነውን ባለ ትልቅ ቤተሰብ ሾፌር ለሌላ ቀን ላቆየው።)

ወደ ፍየሉ ልመለስ። ለፋሲካ የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ መጣ። ገና ሻንጣውን ሳያወርድ «ሃርድውድ ላምፕ ቻርኮል እዚህ ይገኛል?» አለ። እናቴ ግንባሩን ዳሰሰችው። «ምን አመመህ፣ ልጄ?»

ቀስ ብሎ አስረዳን። አሜሪካ ከሰል ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ተፈጭቶ፣ በስታርች ተጣብቆ፣ በማሽን ተጨፍልቆ የሚወጣ፣ ሁሉም አንድ ልክ የሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሄንሪ ፎርድ ለመኪና አካል ከሚሠራበት እንጨት የተረፈውን ቁርጥራጭ መጣል ስላንገበገበው ከሰል አስደርጎ በመኪና ሻጮቹ በኩል እስከ መቸርቸር ደርሷል። ሁለተኛው የተከበረው ነው፤ ያልተፈጨ፣ ያልተጣበቀ፣ እንጨቱ እንዳለ ከስሎ የተሰበረ፣ አንዱ ጉማጅ ክንድ አንዱ ጣት የሚያህል። የሥጋ አዋቂ ሁሉ የሚምለው በእሱ ነው።

«ይሄማ ከሰል ነው» አለች እናቴ።

«አዎ፣ ግን ተፈጥሯዊ ነው፣ እቴቴ። ማሸጊያው ላይ ተጽፎበታል።»

ከሰል ተራ ወሰድኩት። ማዳበሪያዎቹ ግድግዳ ታከው ተሰልፈው ሲያይ ባለበት ቆመ። «ይሄ ሁሉ?» አለ። ፎቶ አነሳ። ከአንዱ ጋር ተነሳ። እትዬ ደግሞ የሚነሳው ከሰሉ ነው ወይስ እሳቸው ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ደስታው ሲብስበት ምሥጢሩንም አወጣው፤ «እኛ አገር እኮ ይሄንን ስምንት ዘጠኝ ኪሎ የማትሞላ ከረጢት 20 ዶላር አካባቢ ነው የምንገዛው!» እትዬ ምንም አላሉም። ዓይናቸው ብቻ ጠበብ አለ። ዋጋ ሲያሰሉ ዓይናቸው እንደሚጠብ አውቃለሁ፤ ለምን ያን ጊዜ እንዳልጎተትኩት እንጃ።

የአክስቴ ልጅ ሐሳብ መጥበስ አልነበረም። «መጥበስማ ሁሉም ይጠብሳል» አለን። እሱ ሥጋውን በጭስ ሊያበስለው ነው። በያጅ ዘንድ ሄዶ በርሜል አስቆረጠ፤ ክዳን አስበየደ፤ ጭስ ማውጫ አስተከለ። ክዳኑ ላይ ሰዓት የሚመስል ቴርሞሜትር ገጠመ። ፍሙ ጥግ ላይ ይሆናል፤ ፍየሉ ራቅ ብሎ ይተኛል፤ ሙቀቱ ከ110 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ጥሩ ከሰል ጭስ ስለሌለው ጭሱን የሚሰጠው ፍሙ ላይ ጣል የሚደረግ ጥሬ እንጨት ነው። እንጨት ውስጥ ያለው ሊግኒን የሚባለው ነገር ሲቃጠል ፈርሶ ያንን ሥጋ ላይ የሚቀር መዓዛ ያወጣል። ይሄን ሲናገር እናቴ ራሷን እየነቀነቀች ሰማችው። ሊግኒንን ባታውቀውም የእርጎ ቅል በወይራ ስታጥን ነው የኖረችው።

«እንግዲህ የሚያስፈልገኝ ጭሱ የሚጣፍጥ እንጨት ነው» አለ። «እዚያ ሂኮሪ፣ ኦክ፣ የፖም እንጨት አለ። እዚህ ለጭስ የሚሆን ምርጡ እንጨት ምንድነው?»

ከጓዳ አንዷ አክስቴ ሳታስብ «ወይባ ነዋ!» አለች።

ቤቱ ለአፍታ ዝም አለ። ከዚያ ሴቶቹ በሙሉ ፈረሱ። አንዷ ምጣድ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። የአክስቴ ልጅ ምን እንዳሳቀን አልገባውም፤ እያየን ፈገግ ይላል። «ወይባ ምን ዓይነት ነው? ጠንካራ ነው?» ሲል ደግሞ ባሰ።

«ጭስ የሚገባው ፍየሉ ነው?» አለች አክስቴ እንባዋን እየጠረገች። «ለስንት ሰዓት?»

«ለስምንት ሰዓት።»

«ውይ! ሙሽራ እንኳ ወይባ ጭስ ላይ ስምንት ሰዓት አትቀመጥ!»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፍየሉ ስሙ ሙሽራው ሆነ። ጠዋት ቅባትና ቅመም ሲቀባው «እሹሩሩ በሉት» ተባለ። በርሜሉ ውስጥ ሲገባ እልል ተባለ። በአጥር ያለፈ ጎረቤት ሁሉ አንገቱን አስግጎ «ሙሽራው ወጣ?» ይላል። ከቀትር በኋላ አውጥቶ በብር ወረቀት ጠቅልሎ ሲመልሰው «ካባውም ደረሰለት!» አሉ። ድንበር ማዶ ዱኻን እያሉ ሙሽራን በጠልህ እንጨት ጭስ እንደሚያጥኑ የሚያውቅ አንድ ጎረቤታችን ደግሞ በዚሁ አማካሪ ሆኖ አረፈው። የአክስቴ ልጅ ለራሱ ክብር ሲል ወይባውን ትቶ ወይራ ነው የጨመረው፤ ግን ማን ሰማው?

ችግሩ ሰዓቱ ነበር። ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀናት እስኪቀረው የጾመ ቤተሰብ ሌሊት ዶሮውን ጨርሶ የሚጠብቀው ሥጋ ነው። አሥር ሰዓት ላይ እንግዳው ቴርሞሜትሩን ከማየት ብዛት ዓይኑ ቀላ። እናቴ አንድም ቃል ሳትናገር «ላቀች» የሚሏትን የከሰል ምድጃዋን ከጓዳ አወጣች፤ ሁለት እፍኝ የቅርቅራ ከሰል አደረገች፤ አያያዘችው። ነበልባሉ እስኪሞት ጠበቀች። ጥቁሩ ጠፍቶ ፍሙ ነጭ አመድ ሲለብስ መዳፏን ከላይ ዘረጋች፤ ትንሽ ቆየችና እጇን ሰበሰበች። «አሁን» አለች። የሷ ቴርሞሜትር እሱ ነው። ዝልዝል ሥጋ ወረደ፤ ስቡ ፍሙ ላይ ተንጠባጥቦ ጭሱ ሲነሳ በርሜሉ ዙሪያ የነበረው ሰልፍ ወደዚህ ዞረ። የአክስቴ ልጅም ዞሯል፤ ማንም እንዳያየው አድርጎ በላ።

ሙሽራው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ወጣ። እውነቱን ለመናገር ግሩም ነበር። ጠርዙ ቀላ ብሏል፤ አጥንቱ ያለ ቢላ ይለቃል፤ የወይራው መዓዛ ሥጋው ውስጥ ዘልቋል። አንድ ከቋራ የመጡ ሽማግሌ ዘመዳችን አላምጠው፣ አላምጠው፣ «ቋንጣ ሊሆን ተነስቶ መንገድ ላይ ሐሳቡን የቀየረ ሥጋ ነው» ብለው ፈረዱ። ሁለተኛ ቁራጭ ግን ሲያነሱ አይቻለሁ።

ሊመለስ ሲል አንድ ከረጢት ከሰል ሻንጣው ውስጥ ሊከት ነበር። አየር መንገዶች ከሰልን በራሱ ሊቀጣጠል ከሚችል ዕቃ ተርታ እንደሚመድቡት ነግረነው በግድ አስተውነው፤ በምትኩ በርበሬ ያዘ።

እሱ ከሄደ በኋላ ከሰል ልገዛ ወጣሁ። እትዬ የነገሩኝን ዋጋ ስሰማ የተሳሳቱ መሰለኝ።

«እትዬ፣ ምን ነካው? ኬላው ጠበቀ እንዴ?»

«ኬላ አይደለም፣ ልጄ። ዶላሩ ነው።»

«ከሰልና ዶላር ምን አገናኛቸው?»

«ያ ያክስትህ ልጅ 20 ዶላር ነው የምገዛው አላለም? ለዚያውም እፍኝ የማትሞላዋን! እኔ መች የአሜሪካውን ጠየቅሁህ? የዘመድ ዋጋ ነው ያልኩህ። ይልቅ እጅህን ስደድና እይ፣ ጥርት ያለ ነው።»

እስከ ብብቴ ሰደድኩ። ዋጋው የሜሪላንድ ይሁን እንጂ አፈሩ ያው የገንዳ ውሃ ነበር።