አሥር ጎራሽና አንድ ለፍላፊ

በጎጃም ጠብመንጃ የያዘ ሰው ብዙ መናገር አይጠበቅበትም። ትከሻው ላይ ያለውን ያየ ሁሉ የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። ምንሽር ከሆነ አባቱ ወይም አያቱ ከጣሊያን ማርከውታል። ቤልጅግ ከሆነ ደህና ቤት ተወልዷል። ክላሽ ከሆነ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ ክላሽ የሌለው ማን አለ? ልጅ ሳለሁ ሽማግሌዎች የአንድ ሰው ስም ሲጠፋባቸው «ያ ባለአልቤኑ» ይሉና ሁሉም ማን እንደሆነ ይገባው ነበር። ጠብመንጃው የባለቤቱን ስም፣ ዘርና የሀብት ልክ ተሸክሞለት ይዞራል፤ የባለቤቱ ሥራ ዝም ብሎ ጢሙን ማፍተልተል ነው።

እኔ ቨርጂንያ ተቀምጬ የገዛሁትን ጠብመንጃ ግን የሚያውቀው የለም። ስዊድን ሠራሽ ነው። ስሙ ዩንግማን፣ በሠራዊቱ መዝገብ «አግ ኤም 42 ቢ»። ከፊል አውቶማቲክ ነው፤ አንዴ ካቀባበሉት ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ይተኩሳል፣ ቀለሁን ራሱ ያወጣል፣ ቀጣዩን ራሱ ይጎርሳል። አንድ ሥራ ብቻ ለኔ ትቶልኛል፦ ምን እንደሆነ ማስረዳት።

እኔም ለዚሁ ነው የገዛሁት ብል ውሸት አይሆንም። የጓደኞቼን ጠብመንጃ አይቻለሁ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ኤአር 15። አንዱ የሌላውን ይዞ ወደ ቤቱ ቢሄድ ለወር ያህል የሚነቃ አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ምን ይወራል? ወግ ወዳድ ሰው ብርቅ ነገር ያስፈልገዋል።

እዚህ አገር ዕድሜው 50 ዓመት የሞላው ጠብመንጃ ከቅርስ ይቆጠራል፤ ለሰብሳቢዎችም ልዩ ፈቃድ አለ። ለ3 ዓመት 30 ዶላር ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት የአልኮል፣ የትምባሆ፣ የጦር መሣሪያና የፈንጂ ቢሮ ይባላል። ሽማግሌዎቻችን «እነዚህን አንድ ጣሪያ ሥር አታገናኟቸው» እያሉ ሲመክሩን ኖረዋል፤ አሜሪካ አራቱንም ሰብስባ አንድ ዳይሬክተር ሾመችባቸው። ቅጹን ሞልቼ ላክሁ፣ ፈቃዱ መጣ፣ ከዚያም አንድ ቀን ረጅም ካርቶን ደጃፌ ላይ ደረሰ። ሚስቴ ስፈርም አይታ፣

«የመጋረጃው ዘንግ መጣ እንዴ?» አለች።

«አይ፣ የስዊድን ጠብመንጃ ነው።»

«መጋረጃውስ?»

እዚያው በሩ ላይ ማስረዳት ጀመርሁ። እ.ኤ.አ. በ1941 ገደማ ማልሞ ከተማ በሚገኘው የዩንግማን ፋብሪካ ኤሪክ ኤክሉንድ የተባለ ሰው ነደፈው። ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ፣ በ1942፣ ኤስኪልስቱና ባለው በካርል ጉስታፍ የጠብመንጃ ፋብሪካ መመረት ጀመረ። የተሠራው 30,000 ገደማ ብቻ ነው። «ብቻ» የምልበት ምክንያት አለኝ፤ የዘመን አቻው የአሜሪካው ጋራንድ ከ5 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ሚስቴ እስከ ማልሞ ድረስ አብራኝ ነበረች። ኤስኪልስቱና ስደርስ ወጥ ልታማስል ገብታለች።

ካርቶኑ ሲከፈት መጀመሪያ የሚያስደነግጠው ርዝመቱ ነው፤ 1.21 ሜትር። ቀጥሎ ክብደቱ፣ 4.7 ኪሎ ገደማ። እንጨቱ ከአፈሙዙ ጫፍ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ብረቱን አልብሶታል፤ ለጌጥ የገባ ነገር ግን አንድም የለበትም። ከዚያ ዓይን አንድ ነገር ይፈልጋል፣ ያጣዋልም። ማቀባበያ እጀታ የለውም! ብዙው ጠብመንጃ በስተቀኝ በኩል በጣት የሚሳብ እጀታ አለው። ያሳየሁት ሰው ሁሉ በቀኝ ይዳብሳል፣ በግራ ይዳብሳል፣ መጨረሻ ላይ «ወልቆ ጠፍቷል መሰለኝ» ብሎ ያዝንልኛል።

አልጠፋም። ከላይ፣ ከኋላ በኩል፣ ሁለት ጆሮ ያለው የብረት ክዳን አለ። በጆሮዎቹ ይዘህ ወደ ፊት ትገፋዋለህ። እዚያ ከመቀርቀሪያው ጋር ቀጭ ብሎ ይያያዛል። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ወደ ኋላ ትስባቸዋለህ። ካዝናው ባዶ ከሆነ መቀርቀሪያው አፉን ከፍቶ እዚያው ይቆማል፤ አንተም አምስት አምስት ጥይት በተሰካበት ክሊፕ ሁለት ጊዜ ከላይ ታጎርሰዋለህ። አሥር ጎራሽ ነው። ለመሳብ ቀድሞ መግፋት! ይህን ያሰበ አእምሮ ጎረቤቱን «ና» ሊል ሲፈልግ «ሂድ» የሚል ይመስለኛል።

ዋናው ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ነው። ያ አፉን ከፍቶ የቆመው መቀርቀሪያ ከኋላው ኃይለኛ ሞላ አለበት። ጥይት የምታጎርሰው በአውራ ጣትህ፣ በዚያው በተከፈተው አፍ ውስጥ ነው። ነገሩ ሲለቀቅ ጣት ይሁን ጥይት አይመርጥም። ስለ ዩንግማን የጠየቅሁት የሽያጭ ሰው ሁሉ ዋጋ ከመናገሩ በፊት አውራ ጣቱን ከፍ አድርጎ ያሳየኝ ነበር። መጀመሪያ «ጎበዝ፣ ጥሩ ምርጫ» ማለቱ መስሎኝ አመሰግን ነበር።

ከጎጃም አጎቴ ደወሉ። ወሬው ከየት እንደደረሳቸው እንጃ፤ የጠብመንጃ ወሬ ቪዛ አይጠይቅም።

«ጠብመንጃ ገዛህ አሉኝ። እሰይ! የወንድሜ ልጅ! ምን ጎራሽ ነው?»

«አሥር፣ አጎቴ።»

«መልካም። ጥይቱስ?»

«ስድስት ነጥብ አምስት።»

«የምንሽሩ በለኛ! እዚህ ያለውን ልልክልህ እችል ነበር።»

«አይ አጎቴ፣ የጣሊያኑ ምንሽር ቀለሁ 52 ሚሊሜትር ነው። የኔው 55 ነው፤ አይገባበትም።»

«ሦስት ሚሊሜትር ምን አላት? በሞረድ አትወርድም?»

«አትወርድም።»

ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ገቡ።

«የት የት ዋለ?»

ይህን ጥያቄ ስፈራው ነበር። ስዊድን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገለልተኛ ነበረች። አውሮፓ ሲነድ ያገሬው ወታደር ይህን ጠብመንጃ አንግቶ ድንበሩን ሲጠብቅ ከረመ። እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ሰብስበው አሻሻሉት፤ የጋዙን ቱቦ በማይዝግ ብረት ቀየሩ፣ ክዳኑ ላይ እነዚያን ሁለት ጆሮዎች አበቀሉ፣ ለቀለሁም መመለሻ ጎማ አደረጉለት። በ1960ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ከጀርመኑ ጂ3 የተቀዳ ሌላ መሣሪያ አስገቡና ይህን አሰናበቱት።

«ድንበር ሲጠብቅ ነው የኖረው» አልኋቸው።

«ማንን መታ?»

«ማንንም።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ኋላ ግን ድምፃቸው በሐዘኔታ ተመለሰ። «ግድ የለም። የመንግሥት ሠራተኛ ነበረ በለኛ» አሉ።

የተኩስ ሜዳ ስወስደው ግን ባለሥልጣን ሆነ። ምክንያቱ የጋዙ አሠራር ነው። በብዙዎቹ ከፊል አውቶማቲኮች ባሩዱ ሲነድ ከሚፈጠረው ጋዝ ጥቂቱ ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑ ደግሞ መቀርቀሪያውን ወደ ኋላ ይልካል። ኤክሉንድ ፒስተኑን አስቀርቶ ጋዙን በቀጭን ቱቦ ወደ ኋላ መልሶ መቀርቀሪያውን በተሸከመው ብረት ላይ በቀጥታ ለቀቀው። ክፍሉ ጥቂት፣ ሐሳቡ ንጹሕ ነው፤ ንጹሕ ያልሆነው ጥላሸቱ ነው። ጋዙ ያመጣውን ሁሉ እዚያው መቀርቀሪያው ቤት ያራግፈዋል፣ ማታ ቁጭ ብሎ የሚጠርገው ባለቤቱ ነው። ሲተኮስ ግን የዋህ ነው። ጥይቱ ቀጭን፣ ብረቱ ከባድ ስለሆነ ሰደፉ ትከሻን ገፋ አድርጎ ይመለሳል። ዒላማው ላይ ያረፉትን ቀዳዳዎች ሳይ ስዊድኖች ለምን ይህን ጥይት ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ሙጥኝ ብለው እንደያዙት ገባኝ።

ቀለሁን ነው የማይወደው። የተኮሰውን ቀለህ እንደተጣላ እንግዳ አንጠልጥሎ ወደ ውጭ ይወረውረዋል። ያ ከ1953 በኋላ የተጨመረው ጎማ ለዚህ ነበር፤ ጎማው ግን አገልግሎቱን ጨርሶ ጡረታ የወጣ ይመስላል። በስተቀኜ አዲስ ሽጉጡን የሚለማመድ ወጣት ነበር። የመጀመሪያው ቀለህ እግሩ ሥር አረፈ፤ ዝም አለ። ሁለተኛው ትከሻውን መታው፤ ዞሮ አየኝ። ሦስተኛው የት እንደገባ አላውቅም፣ ልጁ ግን ሸሚዙን ከሱሪው እያወጣ መዝለል ጀመረ። ተቆጣጣሪው መጥቶ ከቀኝ በኩል ማንም ወደሌለበት ወደ መጨረሻው ቦታ አዛወረኝ። ወጣቱ ሲረጋጋ ተከትሎኝ መጣና «ምን ዓይነት ጠብመንጃ ነው?» አለ።

የተመኘሁት ጥያቄ! ከማልሞ ጀመርሁለት። ስለ ቱቦው ነገርሁት። ሌላ ሰው መጣ፤ ለእሱ ደግሞ ከማልሞ ጀመርሁ። ከኋላ የቆሙ ሁለት ጡረተኞች «እጀታው ወልቋል» ብለው ሲንሾካሾኩ ሰምቼ ለእነርሱም ክዳኑን ከፍቼ አሳየሁ። የተከራየሁት ሰዓት አልቆ ስወጣ ከያዝሁት ጥይት አብዛኛው ከነማሸጊያው ነበር። ደስታዬ ግን ሙሉ ነበር። ባለብርቅ ጠብመንጃ ዒላማው ጆሮ ነው፤ ጆሮ ከተገኘ ጥይት ማባከን ምን ያደርጋል?

እቤት ዕቃው ካዝና ውስጥ ተቆልፎ ስለሚቀመጥ እንግዳ የሚያየው በስልኬ ላይ ፎቶውን ነው። ሰዓቱንም ሚስቴ ቆርጣልኛለች፦ ቡና ሲፈላ ብቻ። እኔም ታሪኩን በሲኒው ልክ አሰናዳሁት። በአቦል ማልሞ ተነድፎ ኤስኪልስቱና ይሠራል። በቶና ጋዙ በቱቦ ይሄዳል፣ ጎማው ይገጠማል። በበረካ ስዊድኖች የመሥሪያ መሣሪያውን ለግብጽ ሸጠውላት በ7.92 ሚሊሜትር የጀርመን ጥይት የሚሠራ ወንድም ይወለድለታል። ሥራ አለብን የሚሉ እንግዶች ቶና ላይ ይነሣሉ፤ ስለዚህ ሰፈራችን ውስጥ የግብጹን ክፍል የሚያውቁት ሥራ የሌላቸው ብቻ ናቸው።

አንድ ጊዜ ብቻ ተሸንፌያለሁ። እዚሁ ቨርጂንያ፣ አሌክሳንድርያ ባለው ቤተ ክርስቲያን የምንገናኝ አንድ አዛውንት አሉ፤ በወጣትነታቸው የንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል ቴክኒሽያን ነበሩ። ቡና ጠርተናቸው ስልኬን አውጥቼ «ጋሼ፣ ይህ የስዊድን…» ከማለቴ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ስዊድን? እኛን ያስተማሩን ማን መሰሉህ? ደብረ ዘይት!»

አለቀልኝ። ከካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ጀመሩ፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀል አውሮፕላን ያበረረ፣ ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ አየር ኃይሉን እንደ አዲስ ያደራጀ፣ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1977 ጎዴ ላይ የሞተ። በአቦል የሳዓብ ሳፊር ማሠልጠኛዎችን አስነሡ፣ በቶና የሳዓብ 17 ቦምብ ጣዮችን ሞተር ፈቱ፣ በበረካ ገጠሙት። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት የእጩ መኮንኖቹ አለቃ ካፒቴን ቪኪንግ ታም ስዊድናዊ እንደነበረም አከሉ። እኔ ስልኬን እንደያዝሁ፣ ፎቶው ጠፍቶ ስክሪኑ ጨልሟል። ሲነሡ ብቻ ወደኔ ዞረው፣

«ስዊድን የሠራው ዕቃ ውስጥ መመሪያውን ሳታነብ እጅህን እንዳትከት» አሉ።

ያን የመቀርቀሪያ ምሥጢር የአውራ ጣት ታሪክ ሳልነግራቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ሚስቴ እስከ በር ሸኝታቸው፣ «ጋሼ፣ በየሳምንቱ ይምጡልን» ስትል ሰማሁ። ለእኔ እንዲህ ብላ አታውቅም።

አሁን ታዲያ የግብጹ ወንድም፣ ሐኪም የሚባለው፣ በመልካም ዋጋ ለሽያጭ ወጥቷል። እሱ ደግሞ ጋዙን የሚያበዛና የሚቀንስ መዘውር አለው፤ ይህን ብቻ ለማስረዳት ሁለተኛ ጀበና ያስፈልጋል። ነገሩን ለሚስቴ ቀስ ብዬ አነሣሁት።

«ያው አይደለም እንዴ?» አለች።

«የት? ጥይቱ ሌላ፣ አገሩ ሌላ፣ መዘውሩም…»

እጇን አነሣች። «መግዛቱን ግዛ። ግን እስቲ መጀመሪያ ይኼኛውን አስረድተህ ጨርስ።»